ለአሞራ የሰጠሁት ጥርስ

እህቴ አልማዝ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ስታወራ ከጣሪያው ትጀምራለች። «ወንድሜን በግንቦት ፀሐይ፣ ቆርቆሮ ላይ፣ በካልሲ ብታዩት» ትልና ሰው እስኪስቅ ትጠብቃለች። ካልሲው ግን የእኔ ስለነበር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ መብቴ ነው። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ካልታወቀ መውጣቱ በደንብ አያስቅም።

ያኔ ሃምሳን ተሻግሬ፣ ከትዳሬ በስምምነት ተሰናብቼ፣ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለ ባቆመው ቤት ከአልማዝና ከልጇ ጋር እኖር ነበር። ዛሬም እዚያው ነኝ። ሥራዬ መጣጥፍ መጻፍ ነው። ለአንድ መጽሔት እጽፋለሁ፤ መጽሔቱ ሲዘገይ ፌስቡክ ላይ እጽፋለሁ። ስልቴ ቀላል ነው፤ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ፈልጎ መቃወም። ድሬ ሙቀቷን ስታማርር «ሙቀት አእምሮን ያበስላል» የሚል ጽሑፍ ጽፌ፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ጓደኞቼ ልማድን ሲያከብሩ እኔ እተቸው ነበር፤ የከተማው ወጣት በልማድ መቀለድ ሲጀምር ደግሞ ተገልብጬ ጠበቃው ሆንኩ። ጣሪያው ላይ በወጣሁበት ሳምንት «አያቶቻችን ሞኞች አልነበሩም» የሚል ረጅም ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ከምሳሌዎቼ አንዱ የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ የመወርወር ልማድ ነው፤ ልጅን ከማጣት ጋር በፍቅር የሚያስተዋውቅ ጥበብ ነው ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ወደደው። መወደድ ለእኔ አዲስ ነገር ስለሆነ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር።

ሜላት የአልማዝ አንድ ልጅ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ኦቲዝም አለባት። ትናገራለች፣ ታነባለች፤ ቃል ግን አታባክንም፤ በዚህ የእኔ ዘመድ አትመስልም። ድንገተኛ ድምፅ፣ ዓይን የሚወጋ መብራት፣ ሳይነገራት የሚነካት እጅ ያስጨንቃታል። የነገሯትን እንደነገሯት ትይዘዋለች፤ «አሁን መጣሁ» ብላችኋት ከዘገያችሁ በቃ፣ ውሸታም ናችሁ። ስለ ኦቲዝም ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ማንበቤንም ለአልማዝ በየጊዜው አስታውሳታለሁ። አልማዝ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላነበበችም። ጊዜ የላትም፤ ልጅ ታሳድጋለች።

ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ መንጋጋዋ ተበልቶ ወደ አንድ ክሊኒክ ተወስዳ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ቸኩለው ነበር። እጅና እግሯን ይዘው ነቀሉላት። ከዚያ ወዲህ ሜላት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ስታይ አፏን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። የጥርስ ብሩሽ እንኳ ወደ አፏ እንዲመለስ አልማዝ ለወራት ለምናለች። ብሩሹ ተመልሶ ገና ብዙም አልቆየም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አልማዝ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ቅዳሜም ትሠራለች። እኔ በረንዳው ላይ ሸርጤን ታጥቄ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ለአድናቂዎቼ መልስ እጽፋለሁ። ሜላት የግቢያችን የብረት በር ታችኛው ብረት ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ማጠፊያው ሲጢጥ ሲል ትወዳለች። ድንገት ሲጢጥታው ቆመ። ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ።

ልጅ ወድቆ ካላለቀሰ ምንም አልሆነም ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ጨረስኩ። ቀና ስል ሜላት ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ አፏና አገጯ ደም ነው፣ እንባ ግን የለም። መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ጥርስ አለ።

«ወጣ» አለች።

ደነገጥኩ፤ ግን ቶሎ ተረጋጋሁ፣ መረጋጋቴም ነው ጉዱ። አላለቀሰችም፤ ስለዚህ አላመማትም። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ የወተት ጥርስ ነው። ሁለት እውነት የሚመስሉ ነገሮችን ደርቤ አንድ ሙሉ ስህተት ሠራሁ፤ በሙያችን የተለመደ ነው። ጥርሱ ረጅም ሥር እንዳለው አይቻለሁ። የወተት ጥርስ ሥሩ አልቆ እንደሚወልቅም የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። «የእኛ ዘር ጥርሱ ትልቅ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አፏን በውኃ አጉመጠመጥኳትና ወደ ግቢው መሀል ወሰድኳት። ሰሞኑን የጻፍኩት ጽሑፍ በእግሩ ሄዶ ቤቴ የመጣ መስሎኝ ነበር። ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ እንደሚወረወር፣ አሞራ አሮጌውን ወስዶ አዲስ እንደሚያመጣ ነገርኳት። አባባሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ እናታችን «አሞራ ሆይ፣ ያረጀውን እንካ፣ ያማረውን አምጣ» ታስብለን ነበር። ሜላት ቃል በቃል ደገመችው። እኔም በሕይወቴ አንድ ነገር ወርውሬ የምፈልገው ቦታ ያረፈልኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። ቆርቆሮው ቀጭ አለ። ሜላት ወንበር ስባ ተቀመጠችና አሞራው እስኪመጣ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ፎቶ አነሳኋትና ለአልማዝ ላክሁላት። ከሥሩ «ዛሬ ለአሞራ ጥርስ ሰጠን» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በላይ ራሴን ያጋለጥኩበት ጽሑፍ የለኝም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«መኮ፣ የቱ ጥርስ ነው የወጣው?»

«የላይኛው፣ የፊቱ። ደህና ናት፤ አላለቀሰችም።»

«ሜላት መቼ አልቅሳ ታውቃለች? ጆሮዋ መግል ይዞ ሐኪም ሲያይላት ጊዜ አይደል ያወቅነው?» ትንፋሿ ይሰማኛል። «እሱ ጥርስ አምና የበቀለው ነው። ትልቁ ጥርሷ ነው። ቆይ፣ ለዶክተሯ ልደውል።»

ዶክተሯ ሕይወት የምትባል የጥርስ ሐኪም ናት፤ አልማዝ የምትገኝበት፣ እንደ ሜላት ያሉ ልጆች እናቶች ስብሰባ ላይ አንድ ቀን መጥታ ስለ ልጆቹ ጥርስ አስረድታ፣ ስልኳን ሰጥታቸው ነበር። እኔ ያን ቀን ስብሰባውን አልወድም ብዬ ቀርቻለሁ። አልማዝ መልሳ ስትደውል ድምጿ ተለውጧል፤ ትእዛዝ የሚያደርስ ሰው ድምፅ ነው። ጥርሱን በነጩ ጫፍ ብቻ ያዝ፤ ሥሩን እንዳትነካ። ከቆሸሸ በንጹህ ውኃ አለቅልቀው፤ እንዳትፈትገው፣ ሳሙና እንዳይነካው። ቢቻል እዚያው ቦታው ትመልሰው ነበር፣ እሷ ግን አታስነካህም፤ ስለዚህ ወተት ውስጥ ክተተውና በፍጥነት ክሊኒክ ውሰዳት። በደረቀ ቁጥር ይሞታል ብላለች።

«ሰምተኸኛል? ጥርሱ የታለ?»

ያኔ ምናልባት ብልህ ሰው የሚናገረው ነገር ይኖር ነበር።

«ጣሪያ ላይ» አልኩ።

 አልማዝ በፋብሪካው የስፌት መኪኖች ድምፅ መሀል፣ በጣም ቀስ ብላ «ውጣ» አለችኝ።

መሰላል የለንም። መሰላል ያላት ጎረቤታችን ፋጡማ ናት። መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ሶማሊኛ የሚችለውም የማይችለውም፣ «ኢዶ» ይላታል፤ አክስት ማለት ነው። መሰላሉን በአንድ ወገን እሷ፣ በአንድ ወገን እኔ ይዘን ስንመጣ ነገሩን አስረዳኋት። መሬት ላይ ጥላው ቆመች።

«አቦ መኮንን፣ ሐኪም የሚፈልገውን ጥርስ ለአሞራ ሰጠህ?»

«የወተት መስሎኝ ነው፣ ኢዶ።»

«ወላሂ አንተ ብዙ አንብበሃል» አለችና መሰላሉን አነሳች።

ግድግዳው ላይ አስደግፈን ልወጣ ስል ሜላት መጥታ የመጀመሪያው እርከን ላይ ተቀመጠች። አፏ ላይ የያዘችው ጨርቅ ቀልቷል።

«ተነሺልኝ፣ ሜሉ። ጥርሱን ላወርደው ነው።»

«የአሞራው ነው።»

«ገና አልወሰደውም እኮ።»

«ሰጥተነዋል። የሰጡትን አይቀሙም።»

ቃሉ የእኔ ነው። ለጎረቤት ልጅ የሰጠችውን እርሳስ መልሳ ስትጠይቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እናም ያን ጊዜ፣ ጥርሱ ፀሐይ ላይ እየደረቀ፣ እኔ መሰላል ሥር ቆሜ ስለ ስጦታና ስለ ውል፣ ርክክቡ ስላልተፈጸመ ንብረት ማስረዳት ጀመርኩ። አሞራ ሕጋዊ ሰውነት እንደሌለውም የነገርኳት ይመስለኛል። ሜላት አልተንቀሳቀሰችም። እጇን ይዤ ላነሳት ብል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክሊኒክ ቀርቶ ባጃጅ ውስጥም አትገባም። ኢዶ በሶማሊኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። ትርጉሙን አልጠየቅኳትም።

«ሜሉ» አልኩ በመጨረሻ፤ «ተሳስቻለሁ። ልማዱ ለወተት ጥርስ ብቻ ነው። ይሄ ትልቁ ጥርስሽ ነው። ሳላጣራ ወረወርኩት።»

ዓይኔን ሳይሆን አፌን አየች። «ተሳስተሃል።»

«አዎ።»

ተነሳችና ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ዘመን ስከራከር አንድም ክርክር እንዲህ ባጭሩ አልቆልኝ አያውቅም።

ጫማዬ ስለሚያንሸራትት አውልቄ በካልሲ ወጣሁ። የግንቦት የድሬ ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም፤ ለሌላው ደግሞ ቃል የለኝም። በአራት እግሬ እየዳህሁ፣ አንዱን መዳፌን ሳነሳ ሌላው እየተለበለበ ወደ ላይ ሄድኩ። የሙቀትን ጥቅም የሚያስረዳው ጽሑፌ ትዝ አለኝና ደራሲውን ባገኘው አልኩ። ጣሪያው ላይ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ኳስ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ነጠላ ጫማ አለ። ጥርስ የለም። ከታች ኢዶ «ወደ ቀኝ» ትለኛለች፤ ወደ ቀኝ ስል «የእኔ ቀኝ» ትላለች። ግማሽ ሰፈር አጥር ላይ ተደርድሯል።

ከዚያ አሞራው መጣ። እውነቴን ነው። ጭልፊት ነው ይበል የፈለገ፤ ለእኔ ዕቃውን ሊረከብ የመጣ ባለጉዳይ ነው። ጣሪያው አናት ላይ አርፎ አንገቱን ቀለስ አድርጎ አየኝ።

«መጣ» አለች ሜላት ከታች።

አሞራውን ለማባረር እጄን ሳወራጭ ተንሸራተትኩ። በሆዴ ወደ ታች ስወርድ ያቆመኝ ከቆርቆሮው ብቅ ያለ አንድ ሚስማር ነው፤ ሸርጤን ያዘልኝ። እዚያው በተንጠለጠልኩበት፣ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቆ፣ አሸንዳው ውስጥ ቅጠል ላይ ጥርሱ ተኝቷል። አሞራ ሆይ ይቅርታ አድርግልኝ። በነጩ ጫፍ ያዝኩት። መሰላሉ ጋ ስደርስ ኢዶ ውኃና አንድ የሻይ ብርጭቆ ወተት ይዛ ግማሽ ድረስ ወጥታ ትጠብቀኛለች። አለቃልቄ ከተትኩት።

«የግመል ነው» አለችኝ። «ሌላ የለኝም።»

አልማዝ ደውላ ዶክተሯን ጠየቀች። የግመልም ወተት ነው፣ ኑ ብላለች።

ወደ ዶክተሯ ክሊኒክ የሄድነው በባጃጅ ነው። ሜላት እናቷ ከፋብሪካ ያመጣችላትን የጆሮ መከላከያ አጥልቃለች፤ እኔ ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌያለሁ፤ ሸርጡን በሱሪ የቀየርኩት አልማዝ በስልክ አስታውሳኝ ነው። ሾፌሩን ክላክስ እንዳይነካ ለመንኩት። ድሬ ውስጥ ባጃጅ ያለ ክላክስ እንዴት እንደሚነዳ ጠየቀኝ፤ ልጅቷን ዞር ብሎ አየና መልስ ሳይጠብቅ ነዳ። መንታ መንገድ ላይ ስንደርስ አንገቱን አውጥቶ «አቦ ዞር በሉ፣ በሽተኛ ይዣለሁ» ይላል፤ በጎን ሲያልፉት ለሚሰድቡት መልስ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሾፌር ሌላ ጊዜ አላጋጠመኝም።

ዶክተር ሕይወት በር ላይ ነበረች። አጭር፣ አርባ አካባቢ የምትሆን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ነጩን ጋውን አውልቃ በአበባ ሸሚዝ ቆማለች፤ አልማዝ ነግራት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከላይ ያለው መብራት ጠፍቷል፤ የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ይዞራል። ሜላት ቀና ብላ ማራገቢያውን አየችና ገባች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ምንም አያምሽም የኔ ቆንጆ፤ እንደ ትንኝ ንክሻ ነው።»

ሜላት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ይዟት ነበር። ሰባራ አጥንት እንዳለበት ሰው ስትቃትት የሰነበተችው ከትንኝ እንደሆነ እኔው ራሴ በዝርዝር አስረድቻታለሁ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ይባስ ብዬ ላረጋጋት አገጯን ያዝኩ። ያን ጊዜ ጮኸች። የመሣሪያው ሳህን ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እሷ በሩ ኋላ ካለው ጥግ ገብታ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ዶክተሯ መሣሪያዎቹን እየለቀመች አላየችኝም። «አቶ መኮንን» አለች፤ «እባክዎ ምሳሌ አይስጧት።»

ምሳሌ ካልሰጠሁ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር።

ጥርሱን ከብርጭቆው አውጥታ በጨው ውኃ ውስጥ አስቀመጠችና ነገሩን በአጭሩ አስረዳችኝ። ከወጣ ቆይቷል፤ ከዚያም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነበር። አሁንም መመለስ ይቻላል፤ ዕድሉ ግን በእያንዳንዱ ደቂቃ ይቀንሳል። ሁለት ረዳቶች አሉ፤ ይዘዋት በግድ መመለስ ይቻላል። ቶሎ ያልቃል። ግን ይህ ጥርስ በአንድ ቀን የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም፤ በሽቦ ይያያዛል፣ ሽቦው ይፈታል፣ ሥሩ ይታከማል፣ ለዓመታት ይታያል። ዛሬ ከተያዘች ነገ ማን ያመጣታል? እናቷ ገና መንገድ ላይ ናት። «የሚወስኑት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፍኩትን ሁሉ ያን ጊዜ ብታነቡልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ አንዱም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የብሩሹ ነገር ነው፤ አልማዝ መታጠቢያው ጋ ቁጭ ብላ ማታ ማታ ስትለምን።

«አትያዝ» አልኩ። «ሌላ መንገድ አለ?»

«አለ። ወንበሩ ላይ እርስዎ ይተኙ፣ እሷ ትይ።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥርስ ሐኪም እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። የኋላ ጥርሴ ሲያመኝ ቅርንፉድ እነክሳለሁ፤ የሚያብጠውን ጉንጬን ሰው ሲያይ የማራገቢያ ንፋስ መታኝ እላለሁ። እንዲያም ሆኖ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ተኛሁ። ዶክተሯ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ለእኔ ሳይሆን ለጥጉ ትናገራለች፤ ይሄ መስታወት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አሁን ከንፈሩን እነካለሁ። አፌን ከፈትኩ። ያየችውን ነገር በትህትና አለፈችው።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለች ሜላት ከጥጉ።

«ከጣሪያ ስለወረድኩ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማራገቢያው ይዞራል። ዶክተሯ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ «መኮንን፣ እውነቱን ንገራት» አለችኝ። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» ዕድሜው አጭር ነው፤ የእኔ እዚያ ላይ አለቀ።

«ፈርቼ ነው፣ ሜሉ። ጥርስ ሐኪም እፈራለሁ።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ይይዙሃል?»

«ማንም አይዘኝም። እጄን ካነሳሁ ዶክተሯ ታቆማለች።»

«አንሳ።»

አነሳሁ። ዶክተሯ መስታወቱን ከአፌ አወጣች። ሜላት ከጥጉ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። «እንደገና» አለች። አነሳሁ፤ ቆመ። «እንደገና።» ይህ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አላውቅም፤ ጥርሱ በጨው ውኃ ውስጥ ነው፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ እኔ አፌን ከፍቼ እጄን አነሳለሁ አወርዳለሁ። ዶክተሯ አንድ ጊዜም አልቸኮለችም፤ አንድ ጊዜም «በቃሽ» አላለቻትም። በመጨረሻ ሜላት ክንዴን በአንድ ጣቷ ነካችና «ውረድ» አለችኝ።

ወጥታ ተኛች። ጥቁር መነጽር አደረጉላት፤ መስታወት ጠየቀች፣ ሰጧት። ዶክተሯ መርፌውን ደብቃ አልያዘችውም። ሜላት ግን የጠየቀችው እኔን ነው።

«ያማል?»

እንደዚያ ያለ አጭር ጥያቄ ከዚያ በፊት የተጠየቅሁ አይመስለኝም። ምላሴ ላይ የሚያማምሩ ነገሮች ሁሉ ተሰልፈዋል፤ ጀግና ነሽ፣ አበባ ነሽ፣ ሳታውቂው ያልቃል። «የለም» ብል ምናልባት ለአንድ ደቂቃ አፏን ትከፍት ነበር፤ ያቺ ደቂቃ ስታልፍ ግን እኔም፣ ዶክተሯም፣ ወንበሩም ውሸታም እንሆናለን። «አዎ» ብል ደግሞ ወደ ጥጉ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ።

«አዎ» አልኳት። «መርፌው ያማል። ከዚያ ድድሽ ይደነዝዛል። ጥርሱ ሲገባ ሲገፋሽ ይሰማሻል።»

«ብዙ ያማል?»

«ይመስለኛል። ግን ቶሎ ያልፋል። እጅሽን ካነሳሽ ታቆማለች።»

መነጽሯ ውስጥ የማራገቢያው ክንፍ ሲዞር ይታያል።  ከዚያ አፏን ከፈተች።

መርፌው ሲነካት እጇን አነሳች፤ ዶክተሯ አቆመች። ሜላት ራሷ «እሺ» አለች። እንደገና አነሳች፤ ቆመ፤ «እሺ»። ጥርሱ ወደ ቦታው ሲገባ የተሰማ ትንሽ ድምፅ አለ፤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው የእግሬ ጣቶች ይታጠፋሉ። ያን ጊዜ ሜላት አለቀሰች፤ ስትወድቅ ያላለቀሰችውን፣ በመነጽሩ ሥር፣ ድምፅ ሳታሰማ። እጇን ግን አላነሳችም። በቀጭን ሽቦ ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር አያያዙላት። አልማዝ የፋብሪካ ኮፍያዋን እንዳደረገች በሩን ከፍታ ስትገባ ልጇ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ በመስታወት ሽቦዋን ታያለች፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ውኃ የሚያጠጡት በሽተኛ እኔ ነበርኩ።

ዶክተሯ ነገሩን አላሳመረችልንም። ብዙ ደርቋል አለች፤ ሥሩ በጊዜ ብዛት ሊበላ፣ ጥርሱ አንድ ቀን ሊወድቅ ይችላል። እስከዚያ ግን መንጋጋዋ እያደገ ሳለ ቦታውን ይጠብቅላታል። ለስላሳ ምግብ፣ የቴታነስ ክትባት፣ ከዚያ የሥር ሕክምና። ሜላት ለሁሉም ሄደች። መሄድ ትወዳለች አልላችሁም። ሲነገራት ትሄዳለች። አንድ ቀን እስከ በሩ ደርሳ «ዛሬ አይሆንም» ብላ ተመልሳለች፤ ዶክተሯም እሺ ብላታለች። በማግስቱ ገብታለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ እንደ ሜላት ያለ ልጅ ያላችሁ፣ ከእኔ ምክር መቀበል እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ ጣሪያ ላይ አይታችሁኛል። ቢሆንም እቺን ያዙልኝ። ልጁ ወድቆ ካላለቀሰ ደህና ነው አትበሉ፤ አፉን እዩ። የወጣውን ጥርስ በነጩ ጫፍ ይዛችሁ ወተት ውስጥ አድርጉና ሩጡ። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም፤ ግን የወተት ይሁን አይሁን የሚለየው ሐኪሙ እንጂ መጣጥፍ ጸሐፊ አይደለም። ወደ ክሊኒኩ ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ፤ መብራት ማጥፋትና ጋውን ማውለቅ ምንም አያስከፍልም። ደግሞ ልጁን አትዋሹት። ያማል ከሆነ ያማል በሉት፤ የሚቆምበትንም መንገድ ስጡት።

ስለ ልማድ የጻፍኩት ጽሑፍ ዛሬም ፌስቡክ ላይ አለ፤ ዛሬም ሰው ይወደዋል። አላነሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ግን አንድ ችግር ገጥሞኛል። አንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ጽፌ ልደሰት ስል ከጥግ የሆነ ሰው አፌን እያየ «እውነት ነው?» የሚለኝ ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ እሰርዘዋለሁ። ጽሑፎቼ አጥረዋል፤ አንባቢዎቼም ቀንሰዋል። አልማዝ ሁለቱም ጥሩ ነው ትላለች። የኋላ ጥርሴን ደግሞ ዶክተር ሕይወት ነቀለችው፤ እጄን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ እኔ አልናገርም፤ ሜላት አጠገቤ ቆማ እየቆጠረች ነበር።

ባለፈው ሰሞን ለምርመራ ሄደን ነበር። ራጅ አነሱላት፤ እስካሁን ጥሩ ነው አሉን። ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ስንደርስ ሜላት ቆመች።

«ጥርሱ እስከ መቼ ይቆያል?»

ሃያ መልስ ነበረኝ። ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ የምኖረው በሱ ነው።

«አላውቅም» አልኳት። «ዶክተሯም አታውቅም።»

አንድ ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«እሺ» አለች። «ካመመኝ እነግርሃለሁ።»